ሳሎኔን ሸክላ ቀለም ልቀባው ነው፤ እናቴ «ጭቃ ቤት ልታስመስዪው?» አለችኝ

የሰሚቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ ዝም ብዬ የማነብ ነበርኩ። አሁን ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሳሎኑ 4 ሜትር በ3 ሜትር ከ50 ነው። ከወለል እስከ ሶሌታ 2 ሜትር ከ60 ይሆናል፤ ራሴ በሜትር ለክቼዋለሁ። ግድግዳው ክሬም ነው። ክሬም የምለው ለወጉ ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ የቀረው ቀለም ስም የለውም። ከሶፋው ጀርባ የባለቤቴ ጭንቅላት የሚያርፍበት ቦታ ክብ ጥቁር ምልክት ሠርቷል። እንግዳ ሲመጣ ትራስ እደግፍበታለሁ።

ቴራኮታ ልቀባው ቆርጫለሁ። ብርቱካናማውን አይደለም፤ ጠቆር ያለውን፣ ዝናብ የጠጣ ቀይ አፈር የሚመስለውን። ስልኬ በፎቶ ሞልቷል።

እናቴ የእንጅባራ ሰው ናት። ፎቶውን ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። «ይሄ እኮ የኛ ጭቃ ቤት ነው። ከዚያ ለመውጣት አይደል እንዴ ይሄ ሁሉ ልፋት?» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። ቀለም ቀቢው ደግሞ «እህቴ ተዪው፣ ኦፍ ዋይት ይሻልሻል» አለኝ። ባለቤቴ ሁለቱንም ሰምቶ ዝም ብሏል። ዝም ሲል ደግሞ አልወደደውም ማለት ነው።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። መስኮቱ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው፤ ያጨልምብኛል? አራቱንም ግድግዳ ልቀባ ወይስ አንዱን? ደግሞስ ቀለሙን በአማርኛ ምን ልበለው? ሱቅ ሄጄ «ቴራኮታ» ስል ሦስት ቦታ ሦስት የተለያየ ነገር አሳዩኝ።

ነገረኛው፦

ሸክላ ሲባል የድሮ ሙዚቃ መስሎኝ ነበር የገባሁት። ከገባሁ አይቀር ግን አንድ ነገር ልበል። አንቲረስት (ብረት እንዳይዝግ ከሥር የሚቀባው) ብቻ የተቀባ የጊቢ በር ታውቂያለሽ? ባለቤቱ ዋናውን ቀለም ነገ እቀባዋለሁ ብሎ ገንዘቡ አልቆ አምስት ዓመት የቆየ? ሳሎንሽ እሱን እንዳይመስል።

ብሩሽና_ሮለር፦

ነገረኛው ሲቀልድ ሳያውቀው እውነት ተናግሯል። ያ አንቲረስት ቀይ የሆነው በብረት ኦክሳይድ ነው፣ በቀላሉ ዝገት በለው። የሸክላ ቀለምም ውስጥ ያለው እሱው ነው። የቀይ አፈሩም፣ የጡቡም እንደዚሁ። ለግድግዳ ጥሩ ዜና ነው። የብረት ኦክሳይድ ቀለም ከሥሩ ያለውን በደንብ ይሸፍናል፤ ፀሐይም ቶሎ አያነጣውም። ደማቁን ቀይ የቀባ ሰው ያውቀዋል፣ አራት እጅ ቀብተኸውም ግድግዳው ከሥር ያይሃል። ሸክላው እንደዚያ አያስቸግርም።

19 ዓመት ስቀባ ኖሬያለሁ፤ አንድ ምስጢር ላውጣ። «ኦፍ ዋይት ይሻልሻል» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ለእኛ ስለሚሻል ነው። ነጣ ያለ ቀለም የእጅ ስህተት ይሸሽጋል። ጠቆር ያለ ማት (የማያብለጨልጭ) ቀለም ግን ሮለሩ የቆመበትን፣ ኋላ የተጠጋገነውን ሁሉ ያሳብቃል። ስለዚህ ቀቢሽን የምትመርጪው በዋጋ አይሁን፤ ቀደም ሲል ጠቆር ያለ ቀለም የቀባውን ቤት አሳየኝ በይው።

አሁን ወደ ሥራው። ያ የጭንቅላት ምልክት ቅባት ነው። በላዩ ብትቀቢበት ቀለሙ አይዝም። በኦሞ ውሃ ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ በደንብ ይድረቅ። የተሰነጠቀውን ስቱኮ አድርጉ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረድ። ብዙ ሰው የሚስተው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስቱኮ የነካው ቦታ ቀለም ይጠጣል። ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው) ሳይቀባ ካለፋችሁት ሲደርቅ ግድግዳው ላይ ካርታ ይወጣል። ነጭ ላይ ካርታው አይታይም፣ ሸክላ ላይ ግን ከበሩ ጀምሮ ይታያል። ፕራይመሩ ውስጥ ትንሽ ከራሱ ከሸክላው ቀለም ጠብ ይደረግበት፤ በነጭ ላይ ከመጀመር አንድ እጅ ያተርፋል።

ቀለሙን ልክ እንዲህ አስቢው። ዙሪያው 15 ሜትር፣ በ2.60 ቢባዛ 39 ካሬ፤ በርና መስኮት ሲወጣ 34 ገደማ ይቀራል። ደህና ፕላስቲክ ቀለም በሊትር 10 ካሬ ይሸፍናል ብትዪ ለሁለት እጅ 7 ሊትር ነው። ለመጠባበቂያ ትንሽ ጨምሪ። ጋሎኑ ስንት ሊትር እንደያዘ ላዩ ላይ አንብቢ፣ ሁሉም አንድ አይደለም። ሁለት ጋሎን ከገዛሽ ደግሞ ሁለቱንም አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጠሽ ደባልቂያቸው። በማሽን የተቀላቀለ ቢሆንም ሁለት ጋሎን ሁልጊዜ መንትያ አይሆንም። አንዱ ግድግዳ መሀል ላይ ሲያልቅ ነው የሚታወቅሽ።

አንድ ግድግዳ ተጀምሮ ሳያልቅ ደግሞ ቡና አይጠጣም። ጠርዙ ከደረቀ መስመሩ አይለቅም።

የሰሚቷ፦

@ብሩሽና_ሮለር እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ይሄን ሁሉ ያለ ገንዘብ ነገርከኝ። ማት ነው ወይስ የሚያብለጨልጨው?

ብሩሽና_ሮለር፦

ማት የግድግዳውን ጎርባጣነት ይደብቃል፤ ለዚህ ቀለም አፈርነቱንም ይጠብቅለታል። ችግሩ ሲታሸት ማብረቁ ነው። ባለቤትሽ ጭንቅላቱን ካላነሳ በስድስት ወር ሌላ ክብ ይሠራልሻል። ከሶፋ ጀርባ የሚታጠበውን ከፊል ማት አድርጊ። ዘይት ቀለም ለሙሉ ክፍል አልመክርሽም፤ ሽታውም ብልጭታውም አይቻልም።

ማዶ_ያለሁ፦

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ። እኔ ይሄን ቀለም ሁለቴ ቀብቼዋለሁ፣ አንዴ ተሳስቼ አንዴ ተሳክቶልኝ።

እዚህ አገር ፋሽኑ ጠንክሮ የመጣ ጊዜ ነው። ሸርዊን ዊሊያምስ የሚባለው የቀለም ኩባንያ ለ2019 (እ.ኤ.አ.) የዓመቱ ቀለም ብሎ ካቨርን ክሌይ የሚባለውን መርጦ ነበር፤ ስሙ ራሱ የዋሻ ሸክላ እንደማለት ነው። እኔም ሱቅ ሄጄ ከእሱ ደመቅ ያለውን፣ የክብሪት ቀፎ በምታክል ወረቀት ላይ ያለውን፣ ወድጄ ገዛሁ። ትንሽ መኝታ ቤት፣ አራቱም ግድግዳ። ማታ መብራት አብርቼ ስገባ ዱባ ወጥ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። እውነቴን ነው። የአንዱ ግድግዳ ቀለም በሌላኛው ላይ ያርፋል፤ ያኛው መልሶ በዚህኛው ላይ። ወረቀቱ ላይ የማይታየው ይሄ ነው። አራት ግድግዳ ሲሆን ቀለሙ ከወረቀቱ ይበረታል።

በሁለተኛው ጊዜ አመድ የተቀላቀለበት የሚመስለውን፣ ወረቀት ላይ «ይሄማ ደብዛዛ ነው» ያልኩትን ወሰድኩ። ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ልክ ሆነ።

ስለዚህ የወደድሽውን አትግዢ፤ ከእሱ አንድ ደረጃ ፈዘዝ፣ ቡናማ ያለውን ግዢ። መስኮትሽ ሰሜን ከሆነ ግን ባትነኪው ይሻላል እላለሁ። ሰሜን ያለ ክፍል ፀሐይ አያይም፤ እንዲህ ያለው ቀለም እዚያ ይሞታል። ደግሞ ተከራይ የሆነ ሰው ካለ ይስማኝ። ስወጣ ወደ ነጭ ለመመለስ ፕራይመር እና ሦስት እጅ ፈጅቶብኛል፤ ከማስያዣውም ቆርጠውብኛል።

ቀትር፦

እዚህ ላይ ማቋረጥ አለብኝ፤ አርክቴክቸር ተማሪ ነኝ፣ ዝም ካልኩ ያመኛል።

«ሰሜን ፀሐይ አያይም» ለሲልቨር ስፕሪንግ ልክ ነው። እዚያ 39 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ናችሁ። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ነው የምታዘነብለው። ስለዚህ የሰሚቷ መስኮት በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ ራሷን ያያል። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ላይም ያይ ነበር፤ ግን ደመናው አይለቅም። ኢንተርኔት ላይ የምናነበው የቀለም ምክር በሙሉ ማለት ይቻላል ለለንደንና ለኒውዮርክ የተጻፈ ነው። እዚህ ስናመጣው ፀሐይዋም አብራ የመጣች ይመስለናል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ወቅት ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት በሰሜን መስኮት የሚገባው የሰማዩ ብርሃን ነው። ጥርት ያለ ሰማይ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ቀይን ያቀዘቅዘዋል። ጠዋት ላይ ሸክላው ቡና አተላ ቢመስልሽ አትደንግጪ።

ዋናው ግን አምፖሉ ነው። ምን ዓይነት ነው ያለሽ?

የሰሚቷ፦

ነጩ ነው፣ ያ የሆስፒታል የሚመስለው። መብራት ይቆጥባል ብለው የሸጡልኝ።

ቀትር፦

የሚቆጥበው ኤልኢዲ ስለሆነ ነው፤ ንጣቱ አይደለም የሚቆጥበው። ቢጫውም እኩል ይቆጥባል። ካርቶኑ ላይ በኬልቪን የተጻፈ ቁጥር አለ። ያንቺ 6500 ነው የሚሆነው። 2700 ወይም 3000 የሚለውን ግዢ። ቀለሙን ሳትቀቢ አምፖሉን ቀይሪ፣ ምክንያቱም የምትመርጪው በዚያ ብርሃን ስለሆነ ነው። ሸክላ በ6500 አምፖል ሥር የደረቀ ደም ይመስላል፤ ይቅርታ፣ ሌላ ቃል አጣሁለት።

ስለ መጨለሙ ደግሞ አንደባበቅ። ነጭ ግድግዳ ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 80ውን እና ከዚያ በላይ ይመልሳል። ጠቆር ያለ ሸክላ 20 ቢመልስ ነው። አራቱንም ከቀባሽ ይጨልማል፣ ያለ ጥርጥር። ሰው ከዚያ በኋላ የሚሠራው ስህተት ጣሪያው ላይ ትልቅ አምፖል መጨመር ነው። ከእሱ ሁለት ዝቅ ያሉ የጠረጴዛ ወይም የቁም መብራቶች ይሻላሉ።

ማዶ_ያለሁ፦

እሺ ተማሪው፣ ተምሬአለሁ 😄 ሃያ ዓመት ከአገር ስወጣ ፀሐይዋንም ረሳኋት ማለት ነው።

ጀጎል_ውስጥ፦

እኔ የምጽፈው ከሐረር ነው። በእኛ ቤት ይሄ ቀለም ፋሽን ሆኖ አያውቅም፤ ሁሌ ስላለ።

የሐረሪ ቤት ስትገቢ ፊት ለፊትሽ ነደባ አለ። ነደባ ማለት የተደረደሩ መቀመጫ እርከኖች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ስም አለው፣ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። የአባወራው አሚር ነደባ ይባላል። ነደባውና ወለሉ በቀይ ይቀባሉ። ትልልቆቹ ሲነግሩን ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማስታወስ ነው ይላሉ። ልጅ ሆኜ ይሄን ስለሰማሁ ነደባው ላይ ስዘል እንደ መሳቀቅ ያደርገኝ ነበር።

አሁን ልብ በሉ፣ ቀዩ ከታች ነው። ከላይ ግድግዳው በኖራ ነጭ ነው። በነጩ ላይ ነው ሞሶቡ፣ ስፌቱ፣ ሳህኑ የሚሰቀለው። ቀዩን እስከ ጣሪያ ድረስ ቢወስዱት ስፌቱ ይጠፋ ነበር፤ ስፌቱ ራሱ ቀይ ያለበት ስለሆነ። አራቱንም ግድግዳ ቀብታችሁ «ቤቱ ከበደኝ» ለምትሉ፣ አንድ ሐረር ኑና ነደባ ላይ ተቀመጡ። ቀይ ላይ ተቀምጠሽ ነጭ ስታዪ አይከብድም።

የቀጨኔ_ልጅ፦

ስለ ስሙ ማንም አልመለሰላትም። «ሸክላ ቀለም» በቂ አይደለም፣ ምክንያቱም ሸክላ ጥቁርም ነው። ጀበናሽ ምን ዓይነት ነው? ጥቁር። ምጣድሽስ? ጥቁር። ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ ሦስት የተለያየ ነገር ያሳዩሽ።

እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቀጨኔ ሠርታለች። ቀዩም ጥቁሩም ከአንድ አፈር ነው። ሲተኮስ አየር በደንብ ካገኘ ይቀላል። ከእሳቱ እንደወጣ ትኩሱን በጭድ ወይም በቅጠል ስትሸፍኚው ግን አየር ያጥረዋል፣ ጢሱም ይገባበታል፣ ይጠቁራል። እናቴ በረጅም እንጨት እያነሳች ጭዱ ላይ ስታስቀምጠው የሚወጣው ጢስ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ዓይናችን ያብጥ ነበር።

ይሄን ያወራሁት ለወሬ አይደለም። ሸክላ ግድግዳ ከጥቁር ጋር የሚስማማው ወንድማማች ስለሆኑ ነው። ጥቁር ጀበና፣ ጥቁር የብረት ወንበር፣ ጥቁር የመጋረጃ ዘንግ። ወርቃማ የሚያብለጨልጭ ነገር አጠገቡ ካደረግሽ ግን ሠርግ አዳራሽ ይሆናል።

ስሙን ዳማ በዪው። ፈረስ ዳማ ይባል የለ? ሰውም ቀይ ዳማ ነው ይባላል። የተዘጋጀ ቃል እያለን ከጣልያን «የበሰለ አፈር» እንበደራለን።

ነገረኛው፦

ሱቅ ሄደሽ «የፈረስ ቀለም ስጠኝ» በዪውና የሚሆነውን ንገሪን።

ጡረተኛው፦

የጤና መምህር ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የሐረሩ ወንድም ስለ ታችና ላይ ሲያወራ ትምህርት ቤታችን ትዝ አለኝ። ያስተማርኩባቸው ክፍሎች በሙሉ እስከ ወገብ ቡናማ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ነጣ ያለ ነበሩ። ቀበሌውም፣ ጤና ጣቢያውም እንደዚሁ። ምክንያቱ ውበት አልነበረም። ልጆች ይደገፋሉ፣ እግራቸውን ይሰቅላሉ፤ የታችኛው ይታጠባል፣ የላይኛው ብርሃን ይሰጣል።

ልጄ ባለፈው ዓመት ከስልኩ ላይ አይቶ «አባዬ አዲስ ፋሽን መጣ፣ ግድግዳውን ግማሽ ግማሽ ነው» አለኝ። ሳቅኩ። ሠላሳ ዓመት ጀርባዬን ያስደገፍኩበትን ፋሽን ነው የሚያሳየኝ።

ልቅለቃ_አውቃለሁ፦

ሁሉንም አነበብኩ፣ ጥሩ ጥሩ ነገር ተብሏል። የእናትየዋን ነገር ግን ሁላችሁም ዘላችሁታል።

እኔ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት፤ ምርጊቱን የረገጥኩ ሰው ነኝ። ጭቃው ከጭድ ጋር ቦክቶ ሲሰነብት የሚሸተውን ሽታ የማያውቅ ሰው «አፈራማ ውበት» ሲል ያስቀኛል። ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳው ይሰነጠቃል። ከሥሩ ይቦረቦራል፣ ምስጥ ይገባል። ለበዓል ቤቱን የምትለቀልቀው ማን ናት? እናት። ከትምህርት ቤት የምትቀረውስ? ሴት ልጅ።

ለፋሲካ ሁለት ቀን ሲቀረው ቀይ አፈር ከገደሉ ተቆፍሮ ይመጣል። በወንፊት ይነፋል፣ በእንስራ ውሃ ያድራል። መጀመሪያ በእበት ይለቀለቃል። ያ ሲደርቅ ቀዩን በጨርቅ ጠምቀሽ በክብ በክብ ነው የምትቀቢው፣ እጅሽ እስከደረሰበት። ሲደርቅ የእጅሽ ቅስት ቅስቱ ግድግዳው ላይ ይቀራል። የእናቴን እጅ ከእኔ እጅ በዚያ እለየው ነበር። እሷ ከግራ ወደ ቀኝ ነበር የምትዞረው።

ስለዚህ እህቴ፣ እናትሽ «ከዚያ ለመውጣት ነው የለፋሁት» ስትል ስለ ቀለም አይደለም ያወራችው። ስለ ወገቧ ነው። ቀለሙን ቀቢው፣ ያምራል። ግን ከመቀባትሽ በፊት ቁጭ ብለሽ እንዴት እንደነበር ጠይቂያት።

ነገረኛው፦

ይሄን አንብቤ አልቀልድም።

የሰሚቷ፦

@ልቅለቃ_አውቃለሁ አስለቀስሽኝ። ቅዳሜ እናቴ ጋ እሄዳለሁ።

የሰሚቷ፦ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ጠፋሁባችሁ። ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ አምፖሎቹን ቀየርኩ። ቀትር ሆይ፣ ቀለም ሳይነካው ራሱ ቤቱ ሌላ ሆነ፤ ባለቤቴ «በቃ ይሄው ይበቃል» ብሎ ሊያስቀረኝ ነበር።

ቀጥሎ ናሙና አስቀላቀልኩ። አንድ ሱቅ «ትንሽ አንቀላቅልም፣ ጋሎን ግዢ» ብሎ መለሰኝ። ሌላው ግማሽ ግማሽ ሊትር ሦስት ዓይነት ሠራልኝ፤ ውድ ሆነብኝ ግን አልቆጨኝም። ግድግዳው ላይ አልቀባሁትም። የፍሪጅ ካርቶን ቆርጬ ሦስት ትልልቅ ሰሌዳ ሠራሁና ሁለት ሁለት እጅ ቀባኋቸው። እርጥቡን አይቼ ደስ ያለኝ አንዱ ሲደርቅ ጠቆረብኝ። ጠዋት መስኮቱ ጋ፣ ቀን ሶፋው ጋ፣ ማታ ከመብራቱ ሥር እያዞርኩ አየሁ። ልጆቹ ሰሌዳዎቹን የጦር ጋሻ አደረጓቸው።

ቅዳሜ ሦስቱንም ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ። ጠየቅኳት። መጀመሪያ «ምኑ ይወራል» አለች። ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ ግን ጀመረች። አፈሩን የምታመጣው ከወንዝ ማዶ ነበር። አያቴ ትቀድማት ነበር፣ ቀይ የምትመርጠው አያቴ ናት። በዓይን አይደለም የሚመረጠው፣ በጣት ታሽቶ ነው፤ አሸዋ ካለበት ይጣላል። ሌላም ብዙ ነገር ነገረችኝ፣ እዚህ የማልጽፈው።

መጨረሻ ላይ ሰሌዳዎቹን በመስኮቱ በኩል ደረደርኩላት። እኔ ልቤ የነበረው መሀለኛው ላይ ነው። እሷ ሦስተኛውን፣ በጣም ቡናማውን፣ እኔ ልጥለው የነበረውን፣ በአገጯ አሳየችኝና «ይሄኛው አፈር ነው። ሁለቱ ቀለም ናቸው» አለች።

ከዚያ ደግሞ፦ «እስከ ላይ ነው የምትቀቢው?» አለችኝ። አዎ ስላት ሳቀች። «እስከ ላይ ማን ይቀባል? ቀዩ እጅ እስኪደርስ ነው። ከላይ ነጭ አፈር ነው እኮ።» የሐረሩ ወንድማችን፣ ጋሼ ጡረተኛው፣ ምን ልበላችሁ!

የመጨረሻው ውጤት ይሄ ነው። ሦስቱ ግድግዳ ከታች እስከ 1 ሜትር ከ15 ዳማ (አዎ፣ ዳማ ብዬዋለሁ)፣ ከላይ ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ። ከፍታውን የወሰንኩት ከሶፋው ጀርባ ከፍ ብሎ የባለቤቴን ጭንቅላት እንዲውጥ ነው። ቡና የማፈላበት ጠባቡ ግድግዳ ብቻ እስከ ሶሌታ ድረስ ሙሉ ዳማ ሆነ። እዚያ ጥቁር ጀበናው፣ ጥቁር የብረት መደርደሪያ፣ አንድ ነጭ ጋቢ የተጣለበት ዱካ አለ። ዞኮሎውን፣ ከግድግዳው ግርጌ ወለሉ ጋ ያለውን ጠርዝ፣ አልነካሁትም።

የተበላሸም አለ፣ አልደብቃችሁም። መስመሩን ከወለል እየለካን ነው ያሰመርነው፤ ወለሉ ለካ ጠማማ ነበር። አንዱ ጫፍ ላይ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ተገኘ። እንደገና በውሃ ልክ ተሰምሮ፣ ተቀባ። ማስኪንግ ቴፑንም ቀለሙ ድርቅ ካለ በኋላ ስንልጠው ቁራጭ ቁራጭ ቀለም ይዞ መጣ።

ብሩሽና_ሮለር፦

ቴፕ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ነው የሚላጠው፤ ወደ ራሱ ታጥፎ፣ ቀስ ተብሎ። ይሄን ሳልነግርሽ በመቅረቴ ጥፋቱ የእኔ ነው። የተላጠውን በትንሽ ብሩሽ ንኪው፣ በሮለር እንዳትሞክሪ። የተረፈውን ቀለም ደግሞ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ ቀኑን ጽፈሽበት አስቀምጪ። ያው ቁጥር ብትሰጫቸውም በዓመቱ ያንኑ ቀለም ማግኘት ዕድል ነው።

ማዶ_ያለሁ፦

ፎቶ! ፎቶ! ሰው ይሄን ሁሉ አንብቦ ያለ ፎቶ ሊሄድ ነው?

የሰሚቷ፦

መጋረጃው ከስፌት ሲመለስ እለጥፋለሁ፣ ቃሌ ነው። ባዶ መስኮት አላሳይም።

ልቅለቃ_አውቃለሁ፦

እናትሽ መጥታ አየችው?

የሰሚቷ፦

እሑድ መጣች። ቆማ አላየችውም፤ ገብታ ቁጭ ነው ያለችው። ትንሽ ቆይታ ግድግዳውን በመዳፏ አሻሸችና «ልስልስ ነው» አለች። ከዚያ ስለ ምሳው ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ደግሞ አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ሐሳቡ የእሱ እንደነበር ነው የሚያወራው።

ነገረኛው፦

ቁም ነገር ልጠይቅ፣ የምሬን ነው። የተረፈሽ ቀለም ስንት ነው? እኔም ሰሚት ሰፈር ነኝ። አንዲት ጠባብ ኮሪደር አለችኝ፣ ለእሷ ይበቃኛል።

የሰሚቷ፦

ሁለት ሊትር የሚሆን አለ። ግማሹን ለመጠባበቂያ አስቀራለሁ፣ ግማሹን ና ውሰድ። ባዶ ጣሳ ይዘህ ና፣ ክዳን ያለው። አንቲረስት የነበረበት እንዳይሆን ብቻ።